አዲሶቹ የጦር ሄሊኮፕተሮች ፍጥነቱን በምን ከፈሉት? ለኮምቦልቻዋ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን የላከችልኝ ኮምቦልቻ ሜካኒካል ምህንድስና የምትማር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «የአሜሪካ ጦር ብላክ ሆክ የተባለውን ሄሊኮፕተሩን እንዲተካ የመረጠው ቪ-280 እንደ ሄሊኮፕተር ተነስቶ፣ እንደ አውሮፕላን በሰዓት 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል ይባላል። እንግዲህ የድሮው ሄሊኮፕተር አበቃለት ማለት ነው? ሐሳቡ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነስ ለምን እስከ ዛሬ ዘገየ? የመመረቂያ ሥራዬን በዚህ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ጥያቄሽ የዋዛ አይደለም። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ የሥራ ዘመኔን ሄሊኮፕተር ስጠግን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አሁንም ደሴ ነው ያለሁት። የማውቀውን ያህል ልንገርሽ። ዓመተ ምህረቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የድሮው ሄሊኮፕተር አላበቃለትም። ቪ-280 ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ፍጥነቱን በነጻ አላገኘውም። ሁለት ቦታ ላይ ይከፍላል። አንዱ አየር ላይ ባለበት ሲቆም ነው። ሌላው ካምቢዮው ውስጥ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለሚሽከረከሩት ክንፎች በሚያደርሰው የማርሽ ሳጥን ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ፍጥነቱ ስለሚያወራ፣ እኔ ስለ ሁለቱ ልንገርሽ።

በቅድሚያ ግን ሄሊኮፕተር ለምን ቀርፋፋ እንደሆነ እንይ። ከላይ የሚሽከረከሩትን ረጃጅም ክንፎች እኛ ብሌድ እንላቸዋለን። የብሌዱ ጫፍ በሰከንድ 220 ሜትር ገደማ ይሄዳል እንበል። ሄሊኮፕተሩ ባለበት ከቆመ ቀኝም ግራም እኩል ነው። አሁን በሰከንድ 100 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ወደፊት ይብረር። ወደፊት የሚመጣው ብሌድ ጫፉ አየሩን በ320 ሜትር ይቀዝፈዋል። ወደኋላ የሚመለሰው ደግሞ በ120 ብቻ። የማንሳት ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ካሬዎቹን ስታካፍያቸው ሰባት እጥፍ ይመጣልሻል።

አንዱ ጎን በሰባት እጥፍ ቢያነሳ ማሽኑ ይገለበጣል። ስለዚህ ወደኋላ የሚሄደው ብሌድ ጉድለቱን ለማካካስ አንገቱን ይበልጥ ቀና ያደርጋል። ይህም ገደብ አለው። ከገደቡ ሲያልፍ አየሩ ከብሌዱ ላይ ይላቀቅና ማንሳቱን ያቆማል። በዚያው ሰዓት ወደፊት የሚመጣው ብሌድ የድምፅን ፍጥነት እየተጠጋ ነው። መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሄሊኮፕተሩ ከሁለቱም በኩል ተያዘ ማለት ነው። ለዚህ ነው በ1986 የእንግሊዙ ሊንክስ ያስመዘገበው በሰዓት 400.87 ኪሎ ሜትር ዛሬም ድረስ የተለመደ ሄሊኮፕተር ያልሰበረው ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየው። ያንን ለመስበር የሞተር ጉልበት ብቻ አይበቃም። ቅርጹን መቀየር ግድ ነው።

ቅርጹን ለመቀየር ሦስት መንገድ ተሞክሯል። የአሜሪካው ሲኮርስኪ ኩባንያ ሁለት ሮተሮችን፣ ማለትም ሁለት የብሌድ ስብስቦችን፣ አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጎ በተቃራኒ አቅጣጫ አሽከረከረ። በየጎኑ ሁልጊዜ ወደፊት የሚመጣ ብሌድ ስለሚኖር አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ከኋላ የሚገፋ ፕሮፔለር ጨመረበት። ኤክስ 2 የተባለው መሞከሪያ በ2010 ከ460 ኪሎ ሜትር አለፈ። ኤርባስ ደግሞ ሮተሩን እንዳለ ትቶ በግራና በቀኝ ፕሮፔለር ሰካ። ሬሰር የተባለው ማሽኑ በሚያዝያ 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። ያለመው 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስተኛው መንገድ የአንቺ ጥያቄ ነው፤ ክንፍ ጫፍ ላይ ሁለት ሮተር ሰክቶ፣ ከተነሱ በኋላ ወደፊት ማጋደል። ቲልትሮተር የሚባለው እሱ ነው። ካጋደለ በኋላ የሚሸከመው ክንፉ ነው። ሮተሩ የሚሠራው እንደ ፕሮፔለር ስለሆነ ያ የግራና የቀኝ ጣጣ ይቀራል።

«ለምን ዘገየ» ላልሽው፣ ሐሳቡ አልዘገየም። የቪ-280 ሠሪ የሆነው ቤል ኤክስቪ-3 የተባለውን ቲልትሮተር ያስነሳው በ1955 ነው። ኤክስቪ-15 በ1977 በረረ። በ1980 አሜሪካኖቹ ኢራን ውስጥ ታጋቾችን ለማስለቀቅ የላኩት ዘመቻ በረሃ ላይ ሲከሽፍ፣ ሩቅ የሚደርስና ማኮብኮቢያ የማይፈልግ ነገር በአስቸኳይ ያስፈልገናል አሉ። ከዚያ ኦስፕሬይ፣ ቪ-22 መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1989 ነው። ለባህር ኃይል እግረኞቹ አገልግሎት ዝግጁ ነው የተባለው በ2007 ነው። በመሀል 18 ዓመት አለ። የዘገየው እዚያ ላይ ነው። እነዚያን 18 ዓመታት ከበሏቸው ነገሮች መካከል ቅድም ያልኩሽ ሁለቱ አሉበት።

አንደኛው ላይ ልምጣ። ቡና ለማፍላት ከሰል ስታቀጣጥዪ በትንሽ ማራገቢያ ሞክረሽ ታውቂያለሽ? እጅሽ ይዝላል፣ አመዱም ዓይንሽ ውስጥ ይገባል። እናትሽ ግን ሰፌዱን አንስታ ቀስ ብላ ሁለት ጊዜ ስታወዛውዘው ከሰሉ ይቀላል። ሰፊ ነገር ብዙ አየር በዝግታ ይገፋል። ጠባብ ነገር ያንኑ ሥራ ለመሥራት ትንሽ አየር በኃይል መወርወር አለበት። ድካሙም ብዙ ነው። ሮተርም እንደዚሁ ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቺ። የብላክ ሆክ ሮተር ከጫፍ ጫፍ 16.36 ሜትር ነው። ስፋቱን ስታሰይው 210 ካሬ ሜትር ይመጣል። የኦስፕሬይ እያንዳንዱ ሮተር 11.6 ሜትር ነው። የሁለቱ ድምር 211 ካሬ ሜትር። እኩል ናቸው ማለት ነው። ግን ብላክ ሆክ ሞልቶ 10 ቶን ገደማ ሲሆን፣ ኦስፕሬይ ቀጥ ብሎ የሚነሳው እስከ 21.5 ቶን ይዞ ነው። በአንድ ዓይነት ሰፌድ ከእጥፍ በላይ ሸክም! ከሥሩ የሚወርደው ንፋስ በቀላል ስሌት፣ ባህር ጠረፍ ላይ ሙሉ ጭነት ሲኖረው፣ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የብላክ ሆክ 100 ገደማ ነው። ገደል ውስጥ የወደቀ ሰው በገመድ ሲሳብ፣ ከላይ የትኛው ንፋስ ቢወርድበት እንደሚሻል አንቺው ፍረጂ። የድሮው ሄሊኮፕተር አላበቃለትም ያልኩሽ አንዱ ለዚህ ነው።

ሮተሩን ለምን አያሰፉትም ትይ ይሆናል። ሲያጋድል ትልቅ ፕሮፔለር ይሆናል፤ ፍጥነቱን ይበላዋል። ሁለቱ ሮተሮች በክንፉ ጫፍና ጫፍ ስለሆኑም ከሰፉ ወደ ሰውነቱ ይደርሳሉ። እንግዲህ መሀል ላይ መስማማት ነው። ቪ-280ም የተስማማው መሀል ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንቺ ያለሽበት ቦታ ይገባል። የአሜሪካ ጦር ለአዲሱ ማሽን ካወጣቸው መስፈርቶች አንዱ 6,000 ጫማ ከፍታ ላይ፣ 35 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ፣ ከመሬት ርቆ ባለበት መቆም መቻል ነው። ያንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ እስክሪብቶ አንስቼ ወደ ሜትር ቀየርኩት። 1,829 ሜትር። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ማለት እኮ ነው! ከዚያ በጥቂት አስር ሜትሮች ቢበልጥ ነው። እነሱ አፍጋኒስታን ተራራ ላይ ተቸግረው በወረቀት ያሰፈሩትን አየር፣ አንቺ በየቀኑ እየተነፈስሽው ነው።

አየሩ ሲሳሳ የሚሆነውን የወሎ ሰው ያውቀዋል። ደሴ ላይ ንፍሮ ከኮምቦልቻ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሄሊኮፕተር ላይ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። ኮምቦልቻ ሰኔ ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ አየሩ ከባህር ጠረፉ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ሮተሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 15 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ተርባይኑ፣ ማለትም ሞተሩ፣ ደግሞ የሚተነፍሰው አየር ስለቀነሰበት፣ የሚሰጠው ጉልበት ወደ ሩብ የሚጠጋ ይቀንሳል። ጠያቂው ጨመረ፣ ሰጪው ቀነሰ። ደሴ ስትወጪ ደግሞ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ሌላ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትያለሽ። ጠባብ ሰፌድ ላለው ማሽን ይህ ከባድ ነው።

ስለ ቁልቁል አወራረድም አንድ ነገር ልበል። ሮተር የገዛ ንፋሱ ውስጥ በፍጥነት ከወረደ፣ አየሩ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይሽከረከርና መሸከም ያቆማል። በተለመደ ሄሊኮፕተር ማሽኑ ቁልቁል ይሰምጣል። በቲልትሮተር ግን አንዱ ጎን ብቻ ሊያዝ ይችላል። ያኔ ይገለበጣል። በሚያዝያ 2000 አሪዞና ውስጥ ማራና ላይ አንድ ኦስፕሬይ እንዲህ ሆኖ 19 ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ የአወራረድ ፍጥነት ገደብና ማስጠንቀቂያ ተበጀለት።

አሁን ወደ ካምቢዮው። ሆዴ ያለው እዚህ ነው።

የእኔ የጠዋት ሥራ ምን ነበር መሰለሽ። ገና ሳይነጋ፣ የእጅ ባትሪ አፌ ላይ ነክሼ፣ ከዋናው ካምቢዮ ሥር አንዲት ቡሎን እፈታለሁ። ጫፏ ማግኔት ነው። ዘይቱ ሲዞር የሚያድረውን ብናኝ ሁሉ እሷ ትይዘዋለች። ነጭ ጨርቅ ላይ እጠርጋታለሁ። ግራጫ፣ እንደ ጭቃ የላመ ነገር ከሆነ ጤና ነው፤ ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ የሚመጣ ነው። የሚያብለጨልጭ፣ ስስ፣ እንደተቆረጠ ጥፍር ያለ ቅርፊት ከሆነ ግን ያ ማሽን አይነሳም። አንድ የማርሽ ጥርስ ወይም አንድ ኩሽኔታ መላጥ ጀምሯል ማለት ነው። አንድ ቀን ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቅርፊት አገኘሁ። አብራሪዎቹ ለብሰው ቆመዋል። አለቃዬ «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ጨርቁን ብቻ ዘርግቼ አሳየሁት። ካምቢዮው ወርዶ ሲከፈት፣ አንድ ኩሽኔታ ውስጠኛው ቀለበቱ ተልጦ ነበር። ያቺን ጨርቅ እስከ ዛሬ አልጣልኳትም።

ይህን የምነግርሽ ኦስፕሬይ ላይ የሆነው ከዚህ ጋር አንድ ስለሆነ ነው። የኦስፕሬይ አንዱ ሞተር 6,150 የፈረስ ጉልበት አለው። ተርባይኑ በደቂቃ 15,000 ዙር የሚያወጣውን ካምቢዮው ወደ 400 ገደማ ያወርደዋል። ያንን ሁሉ ጉልበት በጥቂት ጥርሶች ያስተላልፋል። በዚያ ላይ ቁመትም ጋደምታም ይሠራል። ዘይቱ ካምቢዮው ሲቆምም ሲተኛም እኩል መድረስ አለበት። ክንፉ ውስጥ ደግሞ ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኝ ዘንግ አለ። አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ በሌላው ሞተር ሁለቱም ሮተሮች እንዲዞሩ ነው። ድንቅ ሐሳብ ነው። ግን ሞተር ቢጠፋ መድኃኒት አለ፤ ካምቢዮ ቢሰበር የለም።

በኅዳር 2023 ጃፓን፣ ያኩሺማ ደሴት አጠገብ አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ኦስፕሬይ ባህር ውስጥ ወድቆ ስምንት ሰው ሞተ። ምርመራው ያገኘው በግራው ካምቢዮ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማርሽ ተሰንጥቃ መሰበሯን ነው። አንዷ ስትሰበር ሌሎቹን በላቻቸው። የዚያ ማሽን ማግኔት ከእኔ ቡሎን የተሻለ ነው። ብናኝ ሲይዝ በኤሌክትሪክ አቃጥሎ ያጠፋዋል፤ ለአብራሪውም ይነግረዋል። በዚያ በረራ ላይ ደጋግሞ ተናግሯል። መርማሪዎቹ፣ ካምቢዮው ከመሰበሩ በተጨማሪ፣ ሠራተኞቹ ማስጠንቀቂያውን በአስቸኳይ አለመውሰዳቸውን ጽፈዋል። እኔ አልፈርድባቸውም። በዘይት ውስጥ ያለ ብናኝ መሬት ላይ በነጭ ጨርቅ ሲታይና አየር ላይ በመብራት ሲነገር አንድ አይደለም። ከዚያ በኋላ ኦስፕሬዮቹ በሙሉ ለሦስት ወር ያህል መሬት ላይ ቆዩ።

ቪ-280 ከዚህ ምን ተማረ? ብዙ። ኦስፕሬይ ላይ ሞተሩ ራሱ ከሮተሩ ጋር ይቆማል፣ ይተኛል። ሲቆም የጋለ ጭሱ ቀጥታ መሬት ላይ ይወርዳል፤ ሣር ያቃጥላል። ቪ-280 ላይ ሞተሩ እንደተኛ ይቀራል። የሚያጋድለው ሮተሩና የእሱ ካምቢዮ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ ወታደር በጎን በር ሳይቃጠል ይወርዳል። ክንፉም ቀጥ ያለ ነው፤ ለመሥራት ይቀላል። የመጀመሪያ በረራው በታኅሣሥ 2017 ነበር። በሙከራ ከ555 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። ጦሩ የመረጠው በታኅሣሥ 2022 ነው። በ2025 ኤምቪ-75 የሚል መጠሪያ ተሰጠው። አሥራ አራት ወታደር ይጭናል።

ያም ሆኖ የሚዞር ካምቢዮ አሁንም አለው። የሚያገናኘው ዘንግም አለ። እኔ የዚህን ማሽን ዜና ስከታተል ፍጥነቱን አይደለም የማየው። ካምቢዮው በስንት ሰዓት በረራ እየወረደ እንደሚከፈት ነው የማየው።

ተሸናፊው የሲኮርስኪና የቦይንግ ዲፋያንት ነው። ከላይ የነገርኩሽ፣ ሮተሮቹ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደራረቡት ዘር ነው። አቤቱታ አቅርበው በሚያዝያ 2023 ውድቅ ተደረገባቸው። ዋጋቸው ከቤል ያነሰ ነበር። የወደቁት የማሽኑን የውስጥ ሥርዓቶች አወቃቀር በተጠየቀው ዝርዝር ስላላቀረቡ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በይ። የሚበር ማሽን ሠርተው፣ በወረቀት ላይ ባለመዘርዘራቸው ወደቁ። መምህርሽ «ሥዕሉን አሟዪ» ሲልሽ አትቆጪ።

ሌላው ፕሮግራም፣ ቀላሉ የስለላ ሄሊኮፕተር፣ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ በየካቲት 2024 ተሰረዘ። ጦሩ የዩክሬንን የጦር ሜዳ አይቶ፣ ስለላውን ድሮንና ሳተላይት በርካሽ ይሠሩታል አለ። ልክ ይመስለኛል። አሻግሮ ማየት ሰው አይፈልግም። ሰው ማውጣት ግን ይፈልጋል።

ስለ ጦር መሣሪያ እያወራን መሆኑን አልረሳሁም። ወሎ ጦርነት ምን እንደሆነ በቤቱ አይቷል። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚይዘኝ አንድ ስሌት ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ በአየር ግን ቀጥታ 250 ገደማ ነው። ብላክ ሆክ በተለመደ ጉዞው አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይደርሳል። በ520 የሚሄድ ማሽን ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ደም እየፈሰሰው ለተኛ ሰው፣ ለምጥ ለተያዘች ሴት፣ ያ ግማሽ ሰዓት ምን እንደሆነ ሐኪሞች ይንገሩሽ። የጦሩ ቴክኖሎጂ ወደ አምቡላንስ የሚወርድበት ቀን ይመጣል ብዬ ነው ከልቤ የምከታተለው።

የመመረቂያ ሥራሽን ጉዳይ በተመለከተ፣ አዲስ ቲልትሮተር ልንደፍ ብለሽ አትነሺ። አትጨርሺውም። ይልቅ ባለሽበት ከተማ አየር ጀምሪ። ባለበት ለመቆም የሚያስፈልገው ጉልበት ክብደቱ ሲባዛ ሮተሩን አቋርጦ በሚያልፈው አየር ፍጥነት ነው (ቅድም ያልኩሽ 145 ከሥሩ ከወረደ በኋላ ያለው ነው፤ የዚህ እጥፍ ነው)። የአየሩ ፍጥነት ደግሞ ክብደቱ በሁለት እጥፍ የአየር እፍጋትና በሮተሩ ስፋት ሲካፈል፣ የዚያ ስኩዌር ሩት ነው። ክብደቱን በኒውተን ውሰጂ፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ያገኘሽው ፍጹም ሮተር የሚፈልገው ነው። እውነተኛውን ለማግኘት በ0.75 አካፍይው። በየወሩ የኮምቦልቻንና የደሴን ሙቀት ያዢ፣ እፍጋቱን አስይ፣ ብላክ ሆክንና ኦስፕሬይን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ቶን ትተው መነሳት እንዳለባቸው ታገኛለሽ። ይህ ብቻውን አንድ ጥሩ ምዕራፍ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ካምቢዮ ይሁን። ለእሱ ሄሊኮፕተር አያስፈልግሽም። ኮምቦልቻ ካሉት ጋራዦች አንዱ ጋ ሂጂና ከአይሱዙ ካምቢዮ የወጣ፣ ጥርሱ የተሰበረ ማርሽ ለምኚ። ይሰጡሻል፤ ለቁራሌው ከመሸጥ ውጪ አይጠቅማቸውም። በናፍጣ እጠቢው። የተሰበረውን ፊት በማጉያ መነጽር እዪው። በድንገት በጭነት ተሰብሮ ከሆነ ፊቱ ሻካራ ነው። ደክሞ ከሆነ ግን እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ታያለሽ። መስመሮቹ የሚሰበሰቡባት ነጥብ አለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥርሱ ሥር። ስንጥቁ የተጀመረው ከዚያች ነው። ያቺን ነጥብ በስልክሽ በቅርበት አንሻትና ላኪልኝ።